ጎርፍ ሳይደርስ ወሬው ይድረስ

በየካቲትና በመጋቢት ወር፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት የቀትር ሰዓት፣ ከሞጆ ወደ አዳማ የሚወርድ መንገደኛ ወደ ሜዳው አሻግሮ የተመለከተ እንደ ሆነ አንድ ቀጭን የአቧራ ዓምድ እየተሽከረከረ ሲሄድ ማየቱ አይቀርም። ገለባውንና ደረቁን ቅጠል ወደ ላይ እያነሣ፣ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ እያለ ጥቂት ይጓዝና ድንገት ይጠፋል። ሕፃናት በደስታ ያባርሩታል፤ አንዳንድ ሽማግሌዎች ግን ፊታቸውን አዙረው ያማትባሉ። አንድ ቀን በአውቶቡስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጠ ተማሪ ለጓደኛው «ይህ እኮ በአሜሪካ አገር ቤት የሚያፈርሰው ቶርኔዶ ነው» ብሎ ሲያስረዳው ሰማሁ። ጓደኛውም አመነው።

ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የስምጥ ሸለቆው የአቧራ አዙሪት የሚወለደው ከመሬት ነው፤ ይኸውም ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን የጋለው መሬት በላዩ ያለውን አየር ሲያሞቀውና አየሩም እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ቶርኔዶ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ደግሞ ከከባድ የነጎድጓድ ደመና ወደ መሬት የሚዘረጋ ሲሆን፣ ከሁሉ የበረታው በሰዓት ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ይሽከረከራል። ለእርሱ መፈጠር በመሬት አጠገብ የሚነፍሰው ነፋስና ከፍ ብሎ የሚነፍሰው ነፋስ በአቅጣጫና በፍጥነት እጅግ መለያየት አለባቸው። ይህ በአሜሪካ ሜዳዎች የተለመደ በመሆኑ በዚያ አገር በየዓመቱ ከ1,000 በላይ ቶርኔዶ ይቆጠራል፤ እንደ እኛ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ግን ብርቅ ነው።

እንግዲህ የአዳማ ሰው ቶርኔዶን ፈርቶ እንቅልፍ ማጣት አይገባውም። የሚያሠጋው ሌላ ነው። ከባድ ዝናብ ሊወርድ ሲል ከደመናው የሚወረወረው ቀዝቃዛ አየር መሬት ሲነካ ወደ ዳር ይበተንና በደንብ ያልተመታውን የቆርቆሮ ክዳን ገንጥሎ ይወስደዋል። በረዶ አዝመራ ይመታል፤ መብረቅ ከግራር ሥር የተጠለለውን እረኛ ይገድላል። ከሁሉ የከፋው ግን ጎርፍ ነው። አዳማ በኮረብቶች መካከል እንደ ሳሕን የተቀመጠች ከተማ ናት። በ2004 ዓ.ም. 34፣ በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 102 የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች የተተከሉባቸው እነዚያ ነፋሻማ ከፍታዎች በክረምት የሚወርድባቸውን ውሃ ይዘው አያስቀሩትም፤ ወደ ታች ይሰዱታል እንጂ። ከተማይቱም እየሰፋች በሄደች መጠን ቤትና አስፋልት መሬቱን ስለሸፈኑት፣ ቀድሞ አፈሩ ይጠጣው የነበረው ውሃ ዛሬ መንገዱን ተከትሎ ይወርዳል።

በቶርኔዶ የተቀጡት ሰዎች ለእኛ የሚያስተምሩን ነገር ቢኖር ስለ ነፋሱ ሳይሆን ስለ ማስጠንቀቂያው ነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1887 የአሜሪካ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ በትንበያቸው ውስጥ «ቶርኔዶ» የሚለውን ቃል እንዳይጽፉ ከለከለ። ምክንያቱም ሕዝቡ ይደነግጣል፣ ከቶርኔዶውም ይልቅ ድንጋጤው ይጎዳዋል የሚል ነበር። በዚህ ዐይነት ሰዎች በድንገት እየሞቱ ብዙ ዐሥርት ዓመታት አለፉ። በመጋቢት ወር 1948 ፋውቡሽና ሚለር የተባሉ ሁለት የአየር ኃይል መኰንኖች የሚሠሩበትን የቲንከር ጦር ሰፈር ቶርኔዶ መታው። በአምስተኛው ቀን የሰማዩ ሁኔታ ያንኑ መምሰሉን አይተው፣ እየፈሩም ቢሆን፣ ቶርኔዶ ሊመጣ ይችላል ብለው አስታወቁ፤ አውሮፕላኖቹም ወደ መጠለያ ገቡ። ያን ዕለት ማታ ቶርኔዶው በእርግጥ መጣ። ዘመናዊው የቶርኔዶ ማስጠንቀቂያ የተጀመረው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው ይባላል።

ይሁን እንጂ ማስጠንቀቂያ መናገር ብቻውን አይበቃም። በ2011 ሚዙሪ በተባለው ክፍለ ሀገር የምትገኘውን የጆፕሊን ከተማ ቶርኔዶ ሲመታት የማንቂያው ጩኸት ከ15 ደቂቃ በላይ አስቀድሞ ተሰምቶ ነበር። ራዳሩም፣ ቴሌቪዥኑም፣ ስልኩም ሁሉ ነበረ። ሆኖም ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ። በኋላ የመረመሩት ጠበብት እንዳስረዱት፣ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ጩኸት ሰምተው አልተነሡም፤ ከዚያ በፊት ደጋግሞ ጮኾ ምንም ሳይመጣ ስለ ቀረ ለጆሮአቸው ተራ ነገር ሆኖባቸው ነበር። አንዳንዱ ለማረጋገጥ ወደ ውጭ ወጥቶ ሰማዩን ያይ ነበር፤ አንዳንዱም ሁለተኛ ወሬ ይጠብቅ ነበር።

ወደ አገራችን ስንመለስ የምናገኘው ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. በድሬዳዋ የደረሰውን ጎርፍ በዕድሜ ከፍ ያለው አንባቢ ያስታውሰዋል፤ ተማሪው ግን ያን ጊዜ ገና አልተወለደም ወይም ሕፃን ነበር። ደቻቱ የሚባለው ወንዝ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ያን ሌሊት ጥፋቱን ያመጣው ውሃ አብዛኛው የዘነበው ከከተማይቱ በላይ ባሉት ደጋማ ተራሮች ላይ ነው። በታች ያለው ሰው በአልጋው ላይ ሳለ ውሃው መጣበት። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ቤት አልባ ሆኑ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በተራራው ላይ ዝናቡን ያየ ሰው ነበረ። ዝናቡም ጎርፍ ሆኖ ወደ ታች እስኪደርስ ጥቂት ጊዜ ወስዷል። ያየው ሰው ግን ለሚደርስበት ሰው የሚነግርበት መንገድ አልነበረውም፤ የሚነግርበት መንገድ ቢኖረው እንኳ የታችኛው ሰው በእኩለ ሌሊት ልጆቹን ይዞ ወዴት እንደሚወጣ አስቀድሞ አልተነገረውም። በአዳማም በኮረብታው ላይ የዘነበው ሳሕኑ ሥር እስኪደርስ ያለው ጊዜ ረዥም አይደለም። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ወሬው ወደ አንድ ቢሮ ወጥቶ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት የሚወርድ ከሆነ ውሃው ይቀድመዋል።

የአዋሽ ጎርፍ ግን ሌላ ጠባይ አለው። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ ውሃውን ይይዛል፤ ሐይቁ እየሞላ ሲሄድ ደግሞ በር ተከፍቶ ይለቀቃል። በዓመታት ብዛት ደለል ስለ ተከማቸበት የሚይዘው ውሃ ከጥንቱ አንሷል። ከግድቡ በታች ወንጂ አለ፤ ዝቅ ብሎ መተሐራ፣ ከዚያም የአፋር ሜዳ አለ። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አፈናቅሏል። ነገር ግን ትልቅ ወንዝ ሩቅ መንገድ ሲሄድ ቀናት ይፈጅበታል፤ የግድቡን በር የሚከፍተውም ሰው ስለሆነ ቀኑና መጠኑ አስቀድሞ ይታወቃል። በእንዲህ ያለው ጎርፍ ሰው ቢሞት ጊዜ አጠረን ማለት አይቻልም።

ስለ ትንበያው ራሱ ጥቂት ልበል። በአገራችን የአየር ጠባይ ክትትል በመጀመሪያ በሲቪል አቪዬሽን ሥር ለአውሮፕላኖች ጥቅም ተቋቋመ፤ በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። የክረምቱ ትንበያ በራዲዮ ሲነገር «ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል» የሚል ቃል እንሰማለን። ለባለሙያው ይህ ቃል ግልጽ ነው። በጎርፍ መውረጃ ዳር ቤት ለሠራች እናት ግን ምን ይነግራታል? ዛሬ ልውጣ ወይስ ልተኛ ለሚለው ጥያቄዋ መልስ አይሰጣትም። መልካም ማስጠንቀቂያ ማለት ምን እንደሚመጣ፣ በየትኛው ሰፈር፣ በስንት ሰዓት፣ ሰሚውም ምን እንዲያደርግ በአንድ ትንፋሽ የሚናገር ነው። ለአዳማና ለአካባቢዋ ሕዝብ ደግሞ በኦሮምኛም በአማርኛም መነገር አለበት፤ በእኩለ ሌሊት ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰ ሰው አስተርጓሚ አይፈልግም።

የእኔንም ስንፍና ልናገር። ባለፉት ዓመታት በአንዱ ክረምት፣ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ እንደሚጥል ጧት በራዲዮ ሰምቼ «ይህ ራዲዮ ሁልጊዜ እንዲሁ ነው» ብዬ ወጣሁ። በመመለሻዬ ከተማው መካከል የጎርፍ መውረጃ ሞልቶ አገኘሁት። ጉልበቴንም የማይደርስ መስሎኝ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ፤ በሁለተኛው እርምጃ እግሬ ከዳኝ። አንድ የጋሪ ነጂ ክንዴን ይዞ ባይጎትተኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው በጻፈው ነበር። በኋላ እንዳነበብሁት፣ የሚሮጥ ውሃ ከሆነ 15 ሳንቲ ሜትር ያህሉ አዋቂን ሰው ይጥላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ያህሉ ደግሞ መኪና አንሥቶ ይወስዳል። ለሾፌሮቻችን ይህ ቢነገራቸው መልካም ነበር።

ገንዘብ ስለሌለን ነው የሚል ሰው ቢኖር ወደ ባንግላዴሽ ይመልከት። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1970፣ ገና ምሥራቅ ፓኪስታን ስትባል፣ ከባሕር የመጣ ማዕበል 300,000 ያህል ሰው ፈጀባት። በ1972 የማዕበል መከላከያ በጎ ፈቃደኞች ማኅበር ተቋቋመ። እነዚህ ሰዎች በብስክሌትና በእግር እየዞሩ በድምፅ ማጉያ ይለፍፋሉ፣ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ ቤት ለቤት ያንኳኳሉ። ዛሬ ቁጥራቸው ከ70,000 በላይ ነው። መጠለያም ተሠራ። በ2007 ሲድር የተባለው ብርቱ ማዕበል ሲመጣ የሞቱት ከ3,000 በላይ ነበሩ፤ ብዙ ነው፣ ግን ከ300,000 ጋር አይወዳደርም።

ለእኛ ደግሞ ይህ አሠራር እንግዳ አይደለም። በድሮ ዘመን አዋጅ ሲነገር ነጋሪት እየተጎሰመ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል ነበር። ይህ ቃል ሰሚውን ሁሉ መልእክተኛ ያደርገዋል። ዛሬ በየሰፈሩ የቤተ ክርስቲያን ደወል አለ፣ የመስጊድ ድምፅ ማጉያ አለ፣ የእድርም ለፋፊ አለ። በእጅ ስልክም ቢሆን አንድ የስልክ ማማ በክልሉ ላለ ስልክ ሁሉ፣ ቁጥር መዝግቦ ሳይፈልግ፣ በአንድ ጊዜ መልእክት የሚያሰራጭበት ዘዴ በብዙ አገሮች ተለምዷል። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉቴሬዝ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ባቀረቡት ዕቅድ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር እስከ 2027 ፍጻሜ ድረስ በዓለም ያለ ሰው ሁሉ በማስጠንቀቂያ እንዲጠበቅ ተባለ፤ ኢትዮጵያም ሥራው በቅድሚያ ከሚጀመርባቸው 30 አገሮች አንዷ ሆነች። ስልኩ ግን ባትሪው ያልቃል፤ ኔትወርኩም በዝናብ ይጠፋል። ደወሉን መርሳት አይገባም።

ማስጠንቀቂያ ከአደጋው በፊት ብቻ የሚያስፈልግ ይመስለናል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ተራራ ተንዶ ሰው ሲቀብር ጎረቤት ሁሉ ወገኑን ለማውጣት ሮጠ፤ በዚያው ላይ ሁለተኛው ናዳ ወርዶ ለርዳታ የመጡትን ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። እነዚያን ሰዎች ያጠፋቸው ቸርነታቸው ነው፤ የተናደ ተራራ ደግሞ ሊናድ እንደሚችል የነገራቸው አልነበረም። መብረቅም እንዲሁ ነው፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ በቤት መቆየት ይገባል ይላሉ ጠበብት። ብልጭታውን አይቶ ነጎድጓዱን እስኪሰማ የሚቆጥር ተማሪ ሦስቱን ሴኮንድ እንደ አንድ ኪሎ ሜትር ቢያሰላው ርቀቱን ያገኘዋል።

እንግዲህ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ በአንድ ቀበሌ የተመደበ ወጣት ሹም ቢኖር፣ በግንቦት ወር፣ ዝናቡ ሳይከብድ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደብተርና እርሳስ ይዞ የጎርፉን መውረጃ ከላይ እስከ ታች በእግሩ ይሂድ። በዳር ያሉትን ቤቶች ይቁጠር። ከላይ ኮረብታው አጠገብ የሚኖር፣ ዝናቡን አስቀድሞ የሚያይና ስልክ ያለው ሰው ማን እንደሆነ ይጻፍ። ከታች ስልክ የሌላት አሮጊት፣ የማይሰማ ሽማግሌ፣ አልጋ የያዘ በሽተኛ በየትኛው ቤት እንዳለ ይጻፍ። ከዚያም ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ፣ ሌሊት ሄዶ በራቸውን የሚያንኳኳው ጎረቤት ማን እንደሆነ፣ ጎረቤቱን ራሱን ጠይቆ፣ እሺ ካሰኘው በኋላ ይጻፍ።