የዘር ሐረግ መዝጋቢው ግራምፕስ፦ ሥራ ሲያበቃ ይዘጋ ወይስ ይቆይ?

ግራምፕስ የዘር ሐረግ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ተጀምሮ እስከ ዛሬ በጎ ፈቃደኞች ያበለጽጉታል፤ ክፍያ የለውም፤ በሊኑክስም በዊንዶውስም በማክም ይሠራል። ስሞችን በግዕዝ ፊደል ስለሚቀበል፣ ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ለሚቆጥር ቤተሰብ የቅድመ አያቱንና የምንጅላቱን ስም፣ ከማን እንደ ሰማውም ጭምር፣ በሥርዓት ያኖርለታል።

ብዙ ሰው ግን አንዴ ከከፈተው አይዘጋውም። ሻይ ሊጠጣ ሲነሳም፣ ሊተኛ ሲሄድም ክፍት ነው። ይህ ልማድ መቅረት አለበት እላለሁ።

ግራምፕስ የአንድን ሰው መረጃ ዲስክ ላይ የሚጽፈው ገጹን ሞልተን ስናጸድቅ ነው። ያላጸደቅነው ራም ላይ ብቻ ስላለ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከዚህ የሚከፋም አለ። የተከፈተ የቤተሰብ መዝገብ ሌላ እንዳይነካው ይቆለፋል፤ ቁልፉ የሚነሳው በአግባቡ ሲዘጋ ነው። ማሽኑ በድንገት ከጠፋ መዝገቡ እንደተቆለፈ ይቀራል፤ በማግስቱም መጀመሪያ መቆለፊያውን ማንሳት ግድ ይሆናል። ዋናው ነገር ደግሞ መጠባበቂያ ቅጂ ነው፦ ግራምፕስ ሲዘጋ ቅጂ እንዲያወጣ ማዘዝ ይቻላል። ለሳምንታት ሳይዘጋ የሚከርም ሰው ያን ቅጂ አያገኝም። የነገሩን አዛውንት ካለፉ በኋላ የጠፋን ስም ማን መልሶ ይነግረናል?

ኮምፒውተሩን በተመለከተ ያን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም። ለአጭር ጊዜ ሲነሱ ስሊፕ ይበቃል፤ ራሙን በጥቂት ኤሌክትሪክ ያቆየዋል። ላፕቶፕ ባትሪ ስላለው መብራት ቢሄድም ይቋቋማል፤ ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ግን አይችልም። ማታ ማታ ማጥፋት ማሽኑን አይጎዳም። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ባሉት ላይ ግን ፈጣን ማስነሻው ሥራ ላይ ካለ፣ ማጥፋት የሲስተሙን እምብርት ዲስክ ላይ አስቀምጦ ስለሚያቆየው፣ የተንቀራፈፈን ኮምፒውተር የሚያድሰው ሪስታርት ነው።

ፎቶግራፎችን አትርሱ። መዝገቡ የሚይዘው ያሉበትን ቦታ ብቻ ስለሆነ ፎልደራቸው ለብቻው መቀዳት አለበት።

ዛሬ ማታ ስትጨርሱ ፕሮግራሙን ዝጉ፤ የወጣውን ቅጂና ፎቶግራፎቹን ወደ ፍላሽ ገልብጡ፤ ፍላሹንም ነቅላችሁ ከኮምፒውተሩ ርቆ በሚገኝ ቦታ አስቀምጡ።