ዝቅ ስለ ተደረገ ዶቅዶቄና ስለ ማቆሚያ እግሩ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ወረታ የደረሰ ሰው፥ በስተ ቀኝ የደብረ ታቦር መንገድ ሲገነጠል፥ በስተ ግራ ደግሞ የፎገራ ሜዳ እስከ ጣና ሐይቅ ተዘርግቶ ያያል። ሜዳው የርብና የጉማራ ወንዞች ያመጡት ደለል የተኛበት ጥቁር መሬት ነው። በበጋ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ክረምት በገባ ጊዜ ግን ውሃ ይተኛበትና የረገጠውን ሁሉ ይውጣል። ለሩዝ እጅግ የተስማማ ስለ ሆነም የአገራችን የሩዝ ምርምር ማዕከል በወረታ ተቋቁሟል። ለሩዝ የተመቸ መሬት ለጎማ የማይመች መሆኑን ግን የአገሩ ሰው ያውቀዋል።

በእንዲህ ያለ አገር ከቀበሌ ወደ ቀበሌ እየዞረች ገበሬውን ለምታማክር የእርሻ ባለሙያ፥ ወይም ወላድ ለማየት ለምትሄድ የጤና ሠራተኛ፥ ዶቅዶቄ ታላቅ ረዳት ነው። ዳሩ ግን ለገጠር መንገድ የሚሠራው ዶቅዶቄ ከድንጋይና ከጭቃ ከፍ እንዲል ተብሎ መቀመጫው ረዥም ነው፤ ቁመቷ መካከለኛ የሆነች ሴት በላዩ ተቀምጣ ሁለት እግሮቿን ከመሬት ለማድረስ ትቸገራለች። በጭቃ መካከል እግሩን ዘርግቶ መደገፍ ያልቻለ ነጂ መውደቁ የማይቀር ስለ ሆነ፥ ዶቅዶቄን ዝቅ ማስደረግ እንደ ቅንጦት ሊቈጠር አይገባም።

ዝቅ ለማድረግ ከሁሉ የቀለለው የመቀመጫውን ስፖንጅ መቀነስ ነው። ይህ የዶቅዶቄውን ገላ ስለማይነካ ማቆሚያውን መለወጥ አያሻም፤ ስለዚህም መጀመሪያ ይህን መሞከር ይገባል። ያልበቃ እንደ ሆነ ግን የኋላውን ሞላ በአጭር መለወጥ፥ የፊተኛውንም ጎማ የያዙትን ሁለት ቱቦዎች በማቀፊያቸው ውስጥ ወደ ላይ ማሳለፍ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ገላው በሙሉ ወደ መሬት ይቀርባል፤ በግራ በኩል የሚደገፍበት የብረት እግር፥ ባለሞተሮች ስታንድ የሚሉት፥ ግን እንደ ቀድሞው ይቀራል።

ጉዳቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዶቅዶቄ በቆመ ጊዜ ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ክብደቱን በእግሩ ላይ መጣል አለበት። እግሩ ከልክ በላይ የረዘመ እንደ ሆነ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቀጥ ብሎ የቆመውንም ነፋስ ወይም የልጅ እጅ ወደ ቀኝ ይጥለዋል። በብዙዎቹ የጋለው የጭስ ማውጫ ያለውም በዚያው በቀኝ በኩል ነው። ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ብረት በግቢ በሚጫወት ሕፃን ላይ ቢወድቅ ምን እንደሚሆን ለእናቶች መንገር አያስፈልግም፤ ነገሩን በቤተሰብ ገጽ ማንሣታችንም ስለዚህ ነው። ጀርመናዊው ጎትሊብ ዳይምለር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1885 ዓ.ም. የሠራው ባለ ቤንዚን ዶቅዶቄ በግራና በቀኝ ሁለት ትናንሽ መደገፊያ ጎማዎች ነበሩት፤ ዛሬ የዚያ ሁሉ ሸክም የቀረው በአንዲት ቀጭን እግር ላይ ነው።

እንግዲህ ከእግሩ ምን ያህል ይቀነስ? በግምት መቁረጥ አይገባም። ዶቅዶቄውን በደልዳላ ወለል ላይ አቁሞ፥ አንድ ሰው መሪውን አጥብቆ ይዞ፥ ከሁለቱ ጎማዎች ሥር እኩል ውፍረት ያላቸውን ሳንቃዎች ማስገባት ነው፤ እግሩ ግን ከወለሉ ላይ ይረፍ። ዝቅ ከመደረጉ በፊት ዘንበል ይል የነበረውን ያህል እስኪዘነብል ድረስ ሳንቃ ይጨመራል። የሳንቃው ውፍረት 3 ሳንቲ ሜትር ቢደርስ፥ የሚቀነሰው 3 ሳንቲ ሜትርና ከዚያም ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ እግሩ የሚቆመው ቀጥ ብሎ ሳይሆን ወደ ውጭ ተዘርግቶ ነውና። ቢሆንም መጀመሪያ አሳንሶ መቁረጥ ይሻላል። አብዝቶ ያጠረ እግር ዶቅዶቄውን ከልክ በላይ አዘንብሎ በግራ ይጥለዋል።

በያጁ እግሩን ከዶቅዶቄው ፈትቶ ይሥራ። የቤንዚን ጋን ባለበት እሳት ማንሣት አደጋ ነው፤ የብየዳው ኤሌክትሪክም ባትሪውንና ሽቦዎቹን ሊያበላሽ ይችላል። መቁረጥ የሚገባው ሞላው ከተያያዘበት በታች፥ ከመካከሉ ነው፤ ማጠፊያውና መሬት የሚረግጠው ጫፍ እንደ ነበሩ ይቈዩ። ውስጡ ክፍት የሆነ እንደ ሆነ ልክ የሚገባ የብረት ዘንግ በመካከል ይክተቱበት። ከዚያ በነጥብ በነጥብ አያይዞ፥ ገጥሞ ፈትኖ፥ ሲስማማ ብቻ ዙሪያውን ይበይደዋል።

ለፎገራ መሬት ግን ማሳጠር ብቻውን አይበቃም። የእግሩ ጫፍ ጠባብ ስለ ሆነ በርጥብ ጥቁር አፈር ውስጥ ይሰምጣል፤ ዶቅዶቄውም ቀስ በቀስ እየዘነበለ ባለቤቱ ዘወር ባለ ጊዜ ይወድቃል። ስለዚህ ከጫፉ ሥር ጠፍጣፋ ብረት ማስበየድ መልካም ነው። ብረቱ እጅግ ሰፍቶ የማርሽ መርገጫውን ወይም ሰንሰለቱን እንዳይነካ፥ እግሩም ሲታጠፍ ሞላው አጥብቆ እንዲይዘው ደጋግሞ መሞከር ያስፈልጋል። ሳይታጠፍ የቀረ እግር ወደ ግራ በሚታጠፉበት ጊዜ መሬት ነክቶ ነጂውን ይጥላል።

በክረምት፥ በሩዝ ማሳ ዳር፥ ይህም ብረት የማይበቃበት ቀን አለ። ለዚያ ቀን የእጅ መዳፍ ሁለት እጥፍ የሚሆን ሳንቃ ቀድቶ፥ በስቶ ገመድ አስሮ መያዝ ነው። ሲያቆሙ ከእግሩ ሥር ይጥሉታል፤ ሲነሡ ከመቀመጫው ሳይወርዱ በገመዱ ይስቡታል። የገመዱን ጫፍ ከመሪው ላይ ማሰር አይረሳ፤ የፎገራ ጭቃ የዋጠው ሳንቃ ያለ ገመድ አይገኝም።