ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ

ለትምህርት ወደ ውጭ አገር የሄደ ሰው ስለ መጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያወራው አያልቅበትም። ስለ ብርዱ፣ ስለ ቋንቋው፣ ባቡር ተሳስቶ ስለ መሳፈሩ፣ ሽሮ ስለ መናፈቁ ይተርካል። ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት ግን ብዙ ሲወራ አልሰማሁም። ሻንጣ ተዘጋ፣ ቦሌ ተደረሰ፣ በቃ። እኔ ጀርመን አገር ላይፕዚግ ከተማ ካሳለፍኩት አንድ ሴሚስተር ውስጥ እስከ ዛሬ አብሮኝ ያለው የመጨረሻው ሦስት ሳምንት ነው። ለወላጆችና ለአያቶች በሚዘጋጀው በዚህ ገጽ ልጽፈው የወደድኩትም ጉዳዩ የኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። ቤት የቀሩትም የራሳቸው የመጨረሻ ሳምንታት ነበሯቸው።

መተዳደሪያዬ የዩኒቨርሲቲ መምህርነት ነው፤ ሦስተኛ ዲግሪዬንም እየሠራሁ ነው። የ11 ዓመት ወንድ ልጅና የ6 ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። የሄድኩት ኢራስመስ በተባለው የአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ልውውጥ ነው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀመር በአውሮፓ አገሮች መካከል ብቻ ነበር፤ ዛሬ የኛን አገር ጨምሮ የሌሎች አህጉራት ዩኒቨርሲቲዎችም ይሳተፉበታል። ዋናው ባሕርዩ መመለስ ነው። ተማሪው የሚወስዳቸው ኮርሶች ከመሄዱ በፊት በሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ይፈረማሉ፤ እዚያ የተማረው እዚህ ይቆጠርለታል፤ ዲግሪውን የሚቀበለው ግን ከራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ባለቤቴን ሥራው ከከተማ ከተማ ስለሚያዞረው፣ «ልጆቹን ማን ይይዛል?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ነበር። መልሱን የሰጠችው እናቴ ናት። ደብረ ብርሃን ያለውን ቤቷን ቆልፋ፣ ዶሮዎቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ በመስከረም መጨረሻ አዲስ አበባ መጣች። «አንቺ ሂጂ፤ እኔ እዚህ ነኝ» አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም።

ጀርመኖች የክረምት ሴሚስተር የሚሉት በደንቡ ከኦክቶበር 1 እስከ ማርች 31 ያለውን ጊዜ ነው። ክፍል ውስጥ ያለው ትምህርት ግን ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ጀምሮ ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ፈተናና የጽሑፍ ሥራ ነው። የኛ ክረምት ዝናብ ነው፤ የነሱ ጨለማ ነው። በታኅሣሥ በኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ ትጠልቃለች። ከቤተ መጻሕፍት ስወጣ ከተማው መብራት አብርቶ እጅ የነሣ ይመስለኝ ነበር። በየካቲት ግን ከ11 ሰዓት በኋላም ብርሃን አለ። የኔ ቀናት እያነሱ ሲሄዱ የአገሩ ቀን እየረዘመ ሄደ።

የመጨረሻው ክፍል ሲያበቃ የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነበር። አንዱ ሳምንት የወረቀት ነው። ጀርመን አገር የገባ ሰው አድራሻውን በከተማው መዝገብ እንደሚያስመዘግበው ሁሉ፣ አገሩን ለቆ ሲወጣም ስሙን ያሰርዛል። የባንክ ሒሳብ ይዘጋል፤ የጤና መድን ይቋረጣል፤ የውጤት ወረቀት ይጠየቃል። ለክፍሉ ያስያዝኩት ገንዘብ የሚመለሰው ክፍሉ እንደ ተሰጠኝ ሆኖ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ምድጃውን ሁለት ሰዓት ፈተግሁት። የበሉበትን ወጪት ሰባሪ መሆን የሚፈልግ የለም፤ ከኔ በኋላም ሌላ ተማሪ ይገባበታል። በመጨረሻ በየጥጉ ያጠራቀምኳቸውን የውኃ ጠርሙሶች ሱቅ ወስጄ ለማሽኑ አጎረስሁ። እዚያ የላስቲክ ጠርሙስ ሲገዛ የ25 ሳንቲም መያዣ ይከፈልበታል፤ ሲመለስ ገንዘቡ ይመለሳል። አርባ ጠርሙስ አሥር ዩሮ ሆነልኝና ለልጆቹ ቸኮላት ገዛሁበት።

በነዚሁ ቀናት ስልኬ ሥራ በዛበት። አንዱ የጫማ ቁጥሩን ይልካል፤ አንዷ ሽቶ፣ ሌላዋ ቪታሚን። ሁለት ሻንጣ ነው ያለኝ፤ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ይህ የሚያስቅ ነው፤ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ያላሳቀኝ ሌላው ነው። አንድ የቅርብ ዘመዴ ደውሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነት ልትመለሺ ነው?» አለኝ። «እዚያ ደርሶ የሚመለስ አለ? ልጆቹን ቀስ ብለሽ ታስመጫቸዋለሽ» አለኝ። ክፋት አልነበረውም፤ የኑሮው ጭንቀት ነው ያናገረው። እኔም ውሳኔዬን የጨረስኩት ቦሌን ሳልለቅ ነው። ቢሆንም ያ ጥያቄ ከገባ በኋላ የቀሩት ቀናት ሌላ መልክ ያዙ። በየመንገዱ ስሄድ አገሩን ማየቴን ትቼ ከዘመዴ ጋር በሐሳብ ስከራከር ራሴን አገኘሁት። ሊመለስ የወሰነን ሰው «ለምን?» ብሎ መጠየቅ ምን ያህል ቀን እንደሚያበላሽ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ከዚህ ያወጣችኝ ትንሿ ልጄ ናት። አንድ ማታ በቪዲዮ ስናወራ፣ «እዚያ ደስ ይልሻል?» አለችኝ። ወንድሙ ከጎኗ ፀጥ ብሎ ይጠብቃል። አዎ ብላት «ያለ እኔ ደስ ይላታል» ትላለች፤ አይደለም ብላት ደግሞ «ታዲያ ለምን ሄደች?» ትላለች። «አንቺ ትምህርት ቤት ስትውዪ ደስ ይልሻል?» አልኳት። «አዎ» አለች። «እዚያ ስትሆኚ እኔን ረስተሽኝ ነው?» «አይ፤ ማታ እነግርሻለሁ ብዬ ነው የምጫወተው» አለች። «እኔም እንደዚያው ነኝ» አልኳት። ያን ማታ ለራሴም መልስ አገኘሁ። የቀረኝን ጊዜ በደንብ ልኑረው፤ የምነግራቸው ይኑረኝ።

ለቀሩት ሁለት ሳምንታት ሦስት ነገር ብቻ መረጥኩ። የማየውን ሁሉ ልጨርስ ብል አንዱንም እንደማላየው ገብቶኝ ነበር።

የመጀመሪያው ሙዚቃ ነበር። ዮሐን ሰባስቲያን ባኽ እ.ኤ.አ. ከ1723 ጀምሮ እስከ ሞተበት 1750 ድረስ የላይፕዚግ የቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን መሪ ነበር፤ መቃብሩም እዚያው ነው። የቤተ ክርስቲያኑ የወንድ ልጆች መዘምራን ቡድን የተመሠረተው በ1212 ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጥቂት ዩሮ ገብቶ ማዳመጥ ይቻላል። ቡድኑ ውስጥ የትልቁን ልጄን ዕድሜ የሚሆኑ ልጆች አሉ፤ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው የሚኖሩት። ባኽን በደንብ አውቃለሁ አልልም። ነገር ግን አንድ ትንሽ ልጅ አንገቱን ቀና አድርጎ ሲዘምር አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት እንባቸውን ሲጠርጉ አየሁ። የልጅ ልጃቸው ይሁን ዜማው ይሁን አልጠየቅኋቸውም።

ሁለተኛው ጎታ ነው። ጎታ ከላይፕዚግ በስተ ምዕራብ በአዝጋሚው ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል የሚያስኬድ ትንሽ ከተማ ነው። የኛ ሰው አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ወደዚያ ሄደው ነበር። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። ሮም ሳሉ ኤርፉርት ከተወለደው ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ወጣት የቋንቋ ሊቅ ጋር ተዋወቁ፤ መጀመሪያ ላይ ሁለቱን ያግባባቸው ግዕዝ ነበር። በኋላ የጎታው መስፍን ኤርንስት ጋበዟቸውና በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥት ጥቂት ወራት ቆዩ። ሉዶልፍ ይጠይቃል፤ አባ ጎርጎርዮስ ይመልሳሉ። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ሳይረግጥ በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያሳተመው ከእሳቸው በተማረው ነው።

ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ነው። ነጭ፣ ሰፊ፣ ጸጥ ያለ። አባ ጎርጎርዮስ ሲመጡ ግንባታው ገና አላለቀም ነበር። ግቢው ውስጥ ቆሜ ያሰብኩት የሳቸውን የመጨረሻ ሳምንት ነው። እሳቸውም ዕቃቸውን ሸክፈዋል፤ እሳቸውንም ሳይሰናበቱ አይሂዱ ያላቸው ሰው ይኖራል። ግን አገራቸውን አላዩም። በ1658 ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ ባሕር ላይ ቀሩ። እኔ ፍራንክፈርት ማታ ተሳፍሬ ጠዋት ቦሌ ነኝ። መመለስ ቀላል በሆነበት ዘመን መወለዴን ያኔ አመሰገንኩ።

ሦስተኛው ቡና ነበር። በመጨረሻው እሑድ የምኖርበትን ሕንፃ ጎረቤቶች ጠራሁ። ኩሽና የምንጋራው ቬትናማዊት ተማሪ መጣች፤ የሷም አገር ቡና አብቃይ ስለሆነ ቁሌቱን ከሁሉ ቀድማ ለየችው። ከምድር ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ ጀርመናዊት እናት መጡ፤ ለገና ኬክ ቆርሰው ያመጡልኝ እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ከኛ አገር የመጡ ተማሪዎች ያውቁ ነበር። በምሥራቅ ጀርመን ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ሌላ ከተማ ከመላካቸው በፊት ጀርመንኛ የሚማሩት እዚያው ላይፕዚግ በሄርደር ተቋም ነበር። ከዚህ ገጽ አንባብያን መካከልም ይህን የሚያስታውሱ አያቶች እንደማይጠፉ አምናለሁ።

ቡናውን መስኮት ከፍቼ ቆላሁ፤ ዕጣኑን ግን ተውኩት፤ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ መቆጣጠሪያ ከጮኸ የእሳት አደጋ መኪና ይጠራብኛል። እኚያ እናት ሁለተኛውን ስኒ ጠጥተው ሊነሡ ሲሉ፣ «ሦስተኛውን ካልጠጣሁ ምን ይሆናል?» አሉኝ። «በረካ ነው፤ በረከቱ ይቀርብዎታል» አልኳቸው። ካፖርታቸውን መልሰው ወንበሩ ላይ ሰቀሉና ተቀመጡ። እስከ ምሽት አወራን። እንደዚያ ያለ ስንብት በጥድፊያ አይገኝም።

የዚያኑ ዕለት ማታ ቤት ደወልኩ። ልጆቹ ተኝተው ነበርና ስልኩን እናቴ አነሣች። «አምስት ቀን ቀረኝ፤ ላንቺም ልታርፊ ነው» አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ፣ «ለኔም እኮ ሊያልቅ ነው» አለችኝ።

አምስት ወር ሙሉ ልጆቼን ስታስታጥብ፣ ስታበላ፣ የቤት ሥራ ስታሠራ ኖራለች። ትንሿ እሷ ጉያ ውስጥ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳትም። ትልቁ ሽሮ መሥራት አስተምራዋለች። እኔ ስመለስ እሷ ወደ ባዶ ቤቷ ትመለሳለች። የኔ የመጨረሻ ሳምንታት ለሷም የመጨረሻ ሳምንታት ነበሩ። እኔ ከተማ ስሰናበት እሷ የልጅ ልጆቿን እየተሰናበተች ነበር፤ ግን ማንም ቡና አፍልቶ አልሸኛትም። «ቀስ ብለሽ ነይ ማለቴ አይደለም» አለች እየሳቀች። «ግን ብትዘገይም ቅር አይለኝም።»

ስመለስ ያደረግነው ይህን ነው። እናቴ በማግሥቱ ልሂድ ስትል ባለቤቴም እኔም እምቢ አልናት፤ ሁለት ሳምንት ቆየች። በነዚያ ቀናት ልጆቹን አልነጠቅኋትም። ማታ ተረት የምትነግረው እሷ ነበረች፤ እኔ በር ላይ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ትንሿ መጀመሪያ ላይ እኔ ጋር ለመተኛት አመነታች፤ አልተጫንኳትም። በሦስተኛው ቀን ትራሷን ይዛ ራሷ መጣች። በመጨረሻው እሑድ እናቴን ከነጎረቤቱ ጠርተን፣ ዳቦ ደፍተን፣ ቡና አፍልተን ሸኘናት። በዚህኛው ዕጣን አልቀረም።

ልጅ ወይም እህት ውጭ አገር ለአጭር ትምህርት ሄዳላችሁ የመመለሻዋ ቀን ሲቀርብ፣ ከኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። የምትፈልጉትን ዕቃ ቀደም ብላችሁ በአንድ ጊዜ ንገሯትና ስልኩን ለወሬ ተዉት። «ስንት ቀን ቀረሽ?» ከማለት ይልቅ «ዛሬ ምን አየሽ?» በሏት፤ ያየችውን ስትተርክላችሁ ናፍቆታችሁም ይቀላል። መመለሷ የተቆረጠ ከሆነ ውሳኔዋን አታናጉባት። ትንንሽ ልጆች ካሏት ቀኑን በጣት ከማስቆጠር ይልቅ ሰንበቱን አስቆጥሩ፤ እናቴ ቀናቱን ወደ ሦስት እሑድ ብትቀይርላቸው ልጆቹ ተረጋጉ። ከሁሉም በላይ ቤቱን ስትጠብቅ የኖረችውን አያት ወይም አክስት አትርሱ። የመንገደኛዋ መምጣት ለሷ መሄድ ነው።

እናቴ ወደ ቤቷ ስትገባ ዶሮዎቿ አራት ሆነው ጠበቋት፤ ስትሄድ ስድስት ነበሩ። ጎረቤቷ ምን እንደ ደረሰባቸው አላስረዳቻትም፤ እናቴም አልጠየቀችም። ለፋሲካ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ ደብረ ብርሃን ሄደው አንድ ሳምንት ከረሙ። ትልቁ ልጄ ለአያቱ ሽሮ ሠራላት። ጨው በዝቶበታል ብላ ሁሉንም በላችው።