የሰው አገር ከርማ የምትመለሰው ትንሽ ወፍ

በደቡብ አፍሪካ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ በጋቸው ነው፤ ሙቀትና ዝናብ አብረው ይመጣሉ። በደርባን አቅራቢያ ባለችው ማውንት ሞርላንድ ሰዎች በእነዚህ ወራት አመሻሽ ላይ ወንበርና መክሰስ ይዘው ይቀመጣሉ። የሚጠብቁት ወፍ ነው። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጅራታቸው እንደ መቀስ የተከፈለ ትንንሽ ወፎች ሰማዩን ይሞሉታል፤ ሲጨላልም ለማደር ሸምበቆው ውስጥ ይገባሉ። ቁጥራቸው እስከ 3 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመት ነበር።

ይህች ወፍ በእንግሊዝኛ ስዋሎው ትባላለች። ክብደቷ 20 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከአውሮፓ ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ ወደ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ትበራለች። በአካባቢው የኪንግ ሻካ አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲከፈት፣ ወፎቹና አውሮፕላኖቹ እንዳይጋጩ የሚከታተል ራዳር ተተክሏል።

ገንዘብ ያለው ለሳፋሪ ወደ ክሩገር ብሔራዊ ፓርክ ይሄዳል። በበጋ ሣሩ ስለሚረዝም አንበሳ ማየት ይከብዳል፤ ለወፍ ግን ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። በፓርኩ ከ500 በላይ የወፍ ዓይነቶች ተመዝግበዋል።

ከቤት ያልወጣም አይቀርበትም። ደረተ ቀዩ ኩኩ በየግቢው ዛፍ ላይ ሦስት ድምፅ እየደጋገመ ይጮኻል፤ ሰዎችም ዝናብ መጣ ይላሉ። ኩኩ ጎጆ አይሠራም። ሴቷ በሌላ ወፍ ጎጆ ትጥላለች፤ ባለጎጆዋም ከራሷ የሚበልጠውን ጫጩት እየመገበች ታሳድገዋለች። የሌላ ሰው ልጅ ያሳደገች እህት ይህን ብታይ ፈገግ ማለቷ አይቀርም።

ስዋሎው ግን ደቡብ አፍሪካ ውስጥ እንቁላል አትጥልም። እዚያ ትበላለች፣ ያረጀ ላባዋን ትቀይራለች፣ ጉልበት ትሰበስባለች። ጊዜው ሲደርስ ወደ ሰሜን ተመልሳ ጎጆዋን ትሠራለች፤ ብዙዎቹም ዓምና ወደነበሩበት ቦታ ይመለሳሉ።

ስዋሎው በኢትዮጵያም ትታያለች፤ በእኛ በባሕረ ሰላጤውም በላይ ታልፋለች። በመስከረምና በጥቅምት ወደ ደቡብ ስትወርድ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ስትመለስ ትታያለች። እርሷን ለማየት የሳፋሪ ገንዘብም መነጽርም አያስፈልግም። ሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጡ አንዴ ቀና በሉ። በመጋቢት ካያችኋት፣ የሰው አገር ከርማ፣ አዲስ ላባ አብቅላ ወደ ቤቷ እየሄደች ነው።