የጥርስ ቅርጽና የቀደምት ዝንጀሮዎች ምግብ፦ ከጭላዳ ወገን የተገኘ ማስረጃ

ከምድር ገጽ የጠፋ ዝንጀሮ ምን ይበላ እንደነበር ለማወቅ ለሚሻ ተመራማሪ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው ጥርስ ነው። ኢናሜል ከአጥንት የጠነከረ በመሆኑ ሌላው አካል ከፈራረሰ በኋላም ይቆያል። ከቅርጹ ተነሥቶ ምግቡን መገመት የሚቻለው ምግቦች የሚጠይቁት ሥራ ስለሚለያይ ነው፤ ቃጫማ ቅጠል መቆራረጥን፣ ጠጣር ፍሬ መጨፍለቅን ይሻል። ቅጠል በሊታው ጉሬዛ በመንጋጋ ጥርሱ ላይ ከፍ ያሉ ጉብታዎችና ረጃጅም ስለታም ጠርዞች አሉት፤ ፍሬ የሚያዘወትሩት ጦጣዎች ጉብታ ግን ዝቅ ያለና ድቡልቡል ነው። ሪቻርድ ኬይ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጠርዞቹን ርዝመት ከጥርሱ ርዝመት ጋር በማነጻጸር ይህን ልዩነት በቁጥር የሚገልጽ ስሌት አስፋፍቷል።

ስሌቱ ግን ሁለት ነገር ይፈትነዋል። አንደኛው ውርስ ነው፤ ከጉሬዛ ወገን የሆኑ አንዳንድ ዝርያዎች የፍሬ ዘር በብዛት እየበሉም የቅጠል በሊታ ጥርስ አላቸው። ሁለተኛው፣ በእኔ ግምት የባሰው፣ ማለቅ ነው። የጭላዳ መንጋጋ ጥርስ ረጅምና እጥፋት የበዛበት ሲሆን ሣር ለመቁረጥ የሚስማማው ከአፍላነቱ ይልቅ ጥቂት ካለቀ በኋላ ነው፤ ውስጠኛው ለስላሳ ክፍል ሲጋለጥ በዙሪያው የሚቀረው ኢናሜል እንደ ምላጭ ይቆማል። ያላለቀ ጥርስ ብቻ የሚለካ ተመራማሪ ይህን አያየውም።

የጭላዳ የጥንት ዘመድ የሆነው ቴሮፒቴከስ ብሩምፕቲ ጥሩ መፈተኛ ነው። ቅሪቱ በኦሞ ሸለቆና በቱርካና አካባቢ ይገኛል፤ የወንዝ ዳር ደን ነዋሪ ስለመሰለም ቅጠልና ፍሬ ያዘወትር ነበር የሚል ግምት ተሰንዝሮ ነበር። በ2013 (እ.ኤ.አ.) ቱሬ ሰርሊንግና ባልደረቦቹ ከኬንያ የተገኙ ጥርሶችን የካርቦን አይሶቶፕ መርምረው ያቀረቡት ውጤት ከዚህ ይለያል፦ ከ4 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንኳ የቴሮፒቴከስ ምግብ በአብዛኛው ሲ-4 ከሚባሉት፣ እንደ ቆላ ሣር ካሉ ዕፀዋት የመጣ ነበር። ከ1 ሚሊዮን ዓመት በፊት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ለማለት ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ይህ ማለት ግን ኬሚስትሪ ቅርጽን ተካ ማለት አይደለም። አይሶቶፕ ዝንጀሮው የበላው የሣሩን ቅጠል ይሁን ዘሩን ወይስ ሥሩን አይለይም። ከዚያም በላይ የመንዝን ደጋ እናስብ። ከ3,000 ሜትር በላይ ጭላዳ የሚግጠው ጓሣ ሲ-3 ሣር በመሆኑ የካርቦን ምልክቱ ከዛፍ ቅጠል ጋር አንድ ነው። እንዲህ ያለ የደጋ ጭላዳ ነገ ቅሪተ አካል ሆኖ ቢገኝ፣ ካርቦኑን ብቻ የሚያነብ ሰው የደን እንስሳ ሊለው ይችላል፤ ሣር ጋጭ መሆኑን የሚመሰክረው ያለቀው ጥርሱ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ያለውን የጭላዳ ጥርስ ከአፍላነቱ እስከ እርጅናው በየደረጃው ለክቶ ማስቀመጥ ከኦሞ የሚወጡትን ጥርሶች ከማንበብ መቅደም ያለበት ሥራ ነው።