ኮሪያን የከፈሉት አምስት ወራት

የኮሪያ መከፈል በተነሳ ቁጥር የሚነገረው ታሪክ አጭር ነው። ኦገስት 10 ቀን 1945 ለሊት፣ ዋሽንግተን ውስጥ ዲን ራስክና ቻርለስ ቦንስቲል የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ኮሎኔሎች የናሽናል ጂኦግራፊክ ካርታ ዘርግተው በግማሽ ሰዓት ገደማ 38ኛውን የኬክሮስ መስመር መረጡ። ዋና ከተማዋ ሴኡል በአሜሪካ በኩል እንድትወድቅ ፈልገው ነበር። ስታሊን ሳይከራከር ተቀበለ። አንድም ኮሪያዊ አልተጠየቀም። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ እውነት ነው፤ ያስቆጣልም። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በአንዲት ለሊት ላይ ስለሚጥል ከዚያ በኋላ የሆነውን ይሸፍናል። መስመሩ ሲሰመር የአገር ድንበር አልነበረም፤ እጁን የሚሰጠውን የጃፓን ጦር ከሰሜን ሶቪየቶች፣ ከደቡብ አሜሪካኖች እንዲረከቡት የተደረገ የሥራ ክፍፍል ነበር። እንዲህ ያለ ክፍፍል የግድ አገር እንደማይከፍል ደግሞ በዚያው ዓመት አውሮፓ ውስጥ ታይቷል። ኦስትሪያ የተያዘችው በአራት ጦር ነው፤ ዋና ከተማዋ ቪየና ራሷ ተከፋፍላ ነበር። ልዩነቱ ሶቪየቶች በአፕሪል 1945 ያቆሙትን የካርል ሬነርን ጊዜያዊ መንግሥት ምዕራባውያኑ በኦክቶበር ማወቃቸው ላይ ነው። በኖቬምበር በመላ አገሪቱ ምርጫ ተካሄደ፤ በ1955 አራቱም ጦሮች ወጡና ኦስትሪያ አንድ አገር ሆና ቀረች። ኦስትሪያም የተሰመረ መስመር ነበራት። ኮሪያ ያጣችው አራቱ ኃያላን ለኦስትሪያ የተዉላትን አንድ መንግሥት ነው።

ለዚህ ነው ከመስመሩ ይልቅ ከሴፕቴምበር 1945 እስከ ፌብሩዋሪ 1946 ያሉት አምስት ወራት ላይ መቆየት የምፈልገው። በእነዚህ ወራት ሁለቱም ጦሮች በያዙት ግዛት ፖሊሱን፣ እህሉንና መሬቱን ለማን እንደሚሰጡ ወሰኑ። ሌላው ሁሉ የዚህ ውሳኔ ተከታይ ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

ጃፓን እጇን በሰጠችበት በኦገስት 15 ዕለት ኮሪያውያን ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። ዮ ኡን ህዮንግ የተባለው አንጋፋ የነጻነት ታጋይ ሴኡል ውስጥ የመንግሥት ምሥረታ ዝግጅት ኮሚቴ አቋቋመ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በየአውራጃው የሕዝብ ኮሚቴዎች ተፈጠሩ፤ ጸጥታ የሚያስከብሩ፣ የእህል ጎተራ የሚጠብቁ፣ ከእስር የተፈቱትን የሚቀበሉ። ሴፕቴምበር 6 ቀን የሕዝብ ሪፐብሊክ ታወጀ። እንከን አልነበረበትም አይባልም፤ ግራ ዘመሞች ይበዙበት ነበር፤ በአመራር ዝርዝሩ ላይም ገና ከስደት ያልተመለሱና ያልተጠየቁ ሰዎች ስም ሰፍሮ ነበር። ቢሆንም ከ35 ዓመት የጃፓን አገዛዝ በኋላ ከሰሜን እስከ ደቡብ የተዘረጋ፣ ኮሪያውያን ራሳቸው የሠሩት ብቸኛው መዋቅር እሱ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ጄኔራል ጆን ሆጅ የአሜሪካን ጦር ይዞ ኢንቾን ወረደ። ኮሚቴዎቹን አላወቃቸውም። ይልቁንም ለጊዜው የጃፓን ሹማምንትን፣ አገረ ገዢውን ጭምር፣ በሥራቸው ላይ አቆየ። ሕዝቡ ሲቆጣ ጃፓኖቹን አነሳ፤ ለጃፓን ያገለግሉ የነበሩትን ኮሪያውያን ፖሊሶች ግን አላነሳም። እኛ አገር ባንዳ የሚባሉት ዓይነት ሰዎች፣ ትናንት አርበኛ ሲያሳድዱና ሲገርፉ የነበሩት፣ ነጻነት በመጣ ማግስት በዚያው ጣቢያ፣ በዚያው ሥልጣን ተቀመጡ። የሆጅ መኮንኖች ቋንቋውን አያውቁም፤ ሥራ የሚያውቅና ኮሚኒዝምን የሚጠላ ሰው ፈለጉ፤ ሁለቱንም ያገኙት እዚያ ነው። በዲሴምበር የሕዝብ ሪፐብሊኩን ሕገ ወጥ አሉት። በጃንዋሪ 1946 የኋላው የደቡብ ጦር የሚወለድበትን የጸጥታ ኃይል አቋቋሙ።

ከዚያ ሩዙ አለ። በታሪክ መጻሕፍት ጥቂት መስመር ብቻ የሚሰጠው ጉዳይ ነው፤ ለገበሬው ግን ከ38ኛው መስመር በላይ ትርጉም ነበረው። አሜሪካኖቹ በ1945 መኸር የሩዝን ንግድ ነጻ ለቀቁት። ነጋዴው ከዘነ፤ ዋጋው ሰማይ ወጣ፤ ከተሞች ተራቡ። በ1946 ሐሳባቸውን ለውጠው ሩዙን ከገበሬው በግዴታ እንዲሰበሰብ አዘዙ፤ ሰብሳቢው ደግሞ ያው ፖሊስ ነበር። ጃፓን ስትገዛ ሩዙን ይወስድበት የነበረው ሰው ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ። በኦክቶበር 1946 ዴጉ ከተማ ላይ የተነሳው አመፅ በደቡቡ አውራጃዎች እንደ ሰደድ እሳት ሲዛመት የሞስኮ እጅ አለበት ተባለ። እጁ ባይኖርም አመፁ የሚቀር አይመስለኝም።

በሰሜን ሶቪየቶች ብልህ ነበሩ፤ ደግ ግን አልነበሩም። ኮሚቴዎቹን አላፈረሱም፤ ተቀብለው ከውስጥ ባዶ አደረጓቸው። የፒዮንግያንጉ ኮሚቴ መሪ ቾ ማን ሲክ፣ በሕዝብ ዘንድ የተከበረ ክርስቲያን ብሔርተኛ፣ መጀመሪያ በክብር ተያዘ፤ አልታዘዝም ሲል በጃንዋሪ 1946 የቁም እስር ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ በነጻነት አልታየም። በሲኑዊጁ በኖቬምበር የተቃወሙ ተማሪዎች ተተኮሰባቸው።

በኦክቶበር 1945፣ በሁለት ቀን ልዩነት፣ ሁለት ሰዎች መድረኩ ላይ ወጡ። ኦክቶበር 14 ቀን ፒዮንግያንግ ውስጥ ለሕዝብ የታየው ኪም ኢል ሱንግ የ33 ዓመት ሰው ነበር፤ በፀረ ጃፓን ሽምቅ ተዋጊነት ቢታወቅም የመጣው የሶቪየት ጦር መኮንን ሆኖ ነው። ኦክቶበር 16 ቀን ሴኡል የደረሰው ሲንግማን ሪ አብዛኛውን ዕድሜውን አሜሪካ ያሳለፈ የ70 ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ የመጣው በአሜሪካ ወታደራዊ አውሮፕላን ነው። ሁለቱም የኮሪያ ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ነጻነትን ከልባቸው ፈልገዋል። ግን ከመስመሩ ማዶ ካለው ኮሪያዊ ጋር የመስማማት ግዴታ አልነበረባቸውም፤ ጠባቂ ነበራቸውና። በፌብሩዋሪ 1946 ፒዮንግያንግ ውስጥ በኪም የሚመራ ጊዜያዊ የሕዝብ ኮሚቴ፣ በዚያው ወር ሴኡል ውስጥ በሪ የሚመራ ምክር ቤት ቆመ። ሁለቱ መንግሥታት በስም የታወጁት በ1948 ነው፤ በተግባር ያኔ ተፀንሰው ነበር።

ኃያላኑ ለማስማማት ሞክረዋል የሚባለውም አለ። በዲሴምበር 1945 ሞስኮ ላይ አንድ ጊዜያዊ የኮሪያ መንግሥት እንዲቆምና አገሪቱ እስከ አምስት ዓመት በአራት አገሮች የሞግዚት አስተዳደር ሥር እንድትሆን ተስማሙ። ሞግዚትነት የአሜሪካ የቆየ ሐሳብ ነበር። አንድ የሴኡል ታላቅ ጋዜጣ ግን ገልብጦ፣ ሞግዚትነት የፈለገችው ሞስኮ ናት፤ አሜሪካ የፈለገችው ፈጣን ነጻነት ነው ብሎ ጻፈ። ቁጣው ነደደ። ትናንት በባንዳነት አንገቱን የደፋ ሰው ዛሬ ፀረ ሞግዚት ሆኖ አርበኛ ተባለ፤ ስምምነቱን የደገፈው ግራ ክንፍ ከሃዲ ተባለ። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ኃያላን የጋራ ኮሚሽን በ1946ም በ1947ም ተሰብስቦ የተበተነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ስምምነቱን የተቃወሙ ኮሪያውያን ይመከሩ ወይስ አይመከሩ? ሁለቱም ወገን መልሱን የሰጠው የራሱን ሰዎች ቆጥሮ ነው። መሐል ላይ ሆኖ ግራና ቀኙን ለማቀራረብ ሲደክም የነበረው ዮ ኡን ህዮንግ በጁላይ 1947 ሴኡል ውስጥ ተገደለ።

ኮሪያውያን ራሳቸው አልተከፋፈሉም ወይ የሚል ሙግት አለ፤ በቀላሉ የሚገፋም አይደለም። ባለርስትና ጭሰኛ፣ ባንዳና አርበኛ፣ ክርስቲያንና ኮሚኒስት ነበሩ። ነገር ግን ያ ጠብ በእያንዳንዱ መንደር ውስጥ የነበረ ጠብ ነው፤ በ38ኛው መስመር ላይ አልነበረም። ባለርስት ሰሜንም ደቡብም ነበረ፤ ጭሰኛም እንዲሁ። ጠቡን ከየመንደሩ አውጥተው በካርታ ላይ ያሰፈሩት ሁለቱ አስተዳደሮች ናቸው። በማርች 1946 ሰሜን የባለርስቱን መሬት ያለ ካሳ ወስዶ ለጭሰኛው አከፋፈለ። ጭሰኛው ተደሰተ፤ መሬቱን ያጣው ከነቂሙ ወደ ደቡብ ተሰደደ። ከነዚያ ስደተኞች ወጣቶች መካከል ሰሜን ምዕራብ የወጣቶች ማኅበር የሚባል ቡድን ተመሠረተ፤ የደቡብ ባለሥልጣናትም በግራ ዘመም ላይ አሰማሩት። የደቡብ ግራ ዘመሞች ደግሞ በፖሊስ ሲታደኑ ወደ ሰሜን ተሻገሩ።

ይህ ምን እንዳስከተለ ጄጁ ደሴት ምስክር ናት። ለደቡብ ብቻ የሚደረገውን ምርጫ በመቃወም አፕሪል 3 ቀን 1948 አመፅ ተነሳ። ለማፈን ከተላኩት መካከል እነዚያ የሰሜን ስደተኛ ወጣቶች ነበሩበት፤ ራሳቸው የተገፉበትን ቂም በማያውቋቸው ገበሬዎች ላይ ተወጡት። ሴኡል በ2003 ያወጣችው የመንግሥት ሪፖርት ከ25,000 እስከ 30,000 ሰው እንደሞተ ይገምታል፤ አብዛኛውን የገደለው የመንግሥት ኃይል ነው። የዚህ አብዛኛው የሆነው የኮሪያ ጦርነት የጀመረበት ነው ከሚባለው ከጁን 25 ቀን 1950 በፊት ነው።

መለያየቱ ማጀት ድረስ ገባ። የኤሌክትሪኩና የማዳበሪያው አብላጫ ሰሜን፣ ለም የሩዝ ማሳው ደቡብ ነበር። ሜይ 10 ቀን 1948 ደቡብ ለብቻው መረጠ፤ ከአራት ቀን በኋላ ሰሜን መብራት ቆረጠ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ኪም ኩ የተባለው አርበኛ፣ ኮሚኒስቶችን አጥብቆ የሚቃወም ሰው፣ አገር ከሚከፈል ብሎ መስመሩን ተሻግሮ ፒዮንግያንግ ድረስ ሄዶ ለምኗል። ባዶ እጁን ተመለሰ፤ በጁን 1949 በጥይት ተገደለ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የኮሪያ ታሪክ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በ1951 ቡሳን ከወረደው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ሻለቃ ነው። የቃኘው ልጆች ጀግንነት አያከራክርም። የተዋጉበት ጦርነት ግን በአንድ ማለዳ የተከፈተ ሳይሆን፣ በየመንደሩ ለዓመታት ደም ሲፈስበት የቆየ ጠብ በሁለት ጦሮች ተደግፎ የፈነዳበት ነበር። ያንን ማወቅ የዘማቾቹን ክብር አይቀንስም፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ለምን ጠብ ሲሉ እንደወደቁ ግን በትክክል ይነግረናል።

ዛሬስ? ከተለያዩ ዘመዶቻቸው ጋር ለመገናኘት ደቡብ ውስጥ ከ130,000 በላይ ሰዎች ተመዝግበው ነበር። አብዛኞቹ ሳያገኟቸው ሞተዋል፤ የመጨረሻው መገናኛ የተደረገው በኦገስት 2018 ነው። የሰሜኑ መሪ ኪም ጆንግ ኡን በ2023 ማብቂያ ደቡብን ከእንግዲህ ወገን ሳይሆን ጠላት አገር ብሎ ፈረጀ፤ በ2024 መጀመሪያ ፒዮንግያንግ ያለው የውህደት ሐውልት ፈረሰ። በደቡብም ወጣቱ ለውህደት ያለው ጉጉት ከአያቶቹ በጣም ያነሰ ነው። ይህን አይቶ ኮሪያውያን ራሳቸው ተለያይተዋል፣ ጉዳዩ አልቋል ማለት ይቀላል። እኔ ግን ያልተለወጠው ነገር ላይ ዓይኔ ይቀራል። ደቡብ ውስጥ 28,500 ገደማ የአሜሪካ ወታደሮች አሉ፤ ጦርነት ቢነሳ የደቡብ ጦርን የሚያዝዘው የጋራ ዕዝ የሚመራው በአሜሪካዊ ጄኔራል ነው። በጁላይ 1953 የተኩስ አቁም ስምምነቱን የፈረሙት በአሜሪካዊ ጄኔራል የሚመራው የተባበሩት መንግሥታት ዕዝ፣ የሰሜን ኮሪያ ጦርና ቻይናውያን ናቸው፤ ሲንግማን ሪ አልፈርምም ስላለ ከወረቀቱ ላይ የደቡብ ኮሪያ ፊርማ የለም። የሰላም ውል እስካሁን አልተፈረመም፤ ነገ ሴኡልና ፒዮንግያንግ ለመፈረም ቢስማሙ እንኳ ዋሽንግተንና ቤጂንግ ጠረጴዛው ላይ ካልተገኙ ጦርነቱ በሕግ አይዘጋም።