ቤት ድረስ የሚመጣ ሕክምና

ሆስፒስ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሰው ሊሞት የሚገባበትን ሕንጻ ነው። በአገራችን ግን ሥራው የተጀመረው በሌላ መንገድ ነው። ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት ሆስፒስ ኢትዮጵያ ነርሶቹን ወደ ሕመምተኛው ቤት ይልካል። ነርሷ የምትመጣው ካንሰሩን ልታድን አይደለም። ሥቃዩን ታስታግሳለች፣ ቁስሉን ታጥባለች፣ ለአስታማሚው ሕመምተኛውን እንዴት ማገላበጥ እንዳለበት ታሳያለች፤ ሕመምተኛው የፈራውን ነገር ሲናገርም ቁጭ ብላ ትሰማለች።

ለጅማ፣ ለአጋሮ፣ ለሊሙ ገነትና ለሰቃ ቤተሰብ ሆስፒስ መምረጥ ማለት እንግዲህ ሕንጻ ማማረጥ አይደለም። የአካባቢው ከባድ ሕመምተኛ መድረሻው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ነው። ጥያቄው ከዚያ ወደ ቤት ሲመለስ ማን ይከታተለዋል የሚለው ነው። በየትኛውም ሆስፒታል ቢሆን «ከእንግዲህ የሚደረግ የለም፣ ቤት ይዛችሁት ሂዱ» ሲባል ቤተሰብ ሕክምናው ያበቃ ይመስለዋል። አላበቃም። ሥቃይን የሚያቀልለው የማስታገሻ ሕክምና ጨርሶ ተስፋ እስኪቆረጥ የሚጠበቅ አይደለም፤ ከኬሞቴራፒ ጋር ጎን ለጎን ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ቀድሞ መጠየቅ ነው የሚሻለው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሞርፊን ይሁን። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን በልዩ የሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ስለሆነ፣ ሲያልቅ የት እንደሚገኝና ሕመምተኛው መንቀሳቀስ ካቃተው ቤተሰብ ሊወስድለት ይችል እንደሆነ ከሆስፒታል ሳይወጡ ማወቅ ያስፈልጋል። ፈሳሹ ሞርፊን ብዙ ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ ሕመሙ እስኪመለስ አይጠበቅም። የሆድ ድርቀት ስለሚያመጣ ሆድ የሚያለሰልስ መድኃኒት አብሮ መታዘዝ አለበት። «ሱስ ያስይዘዋል»፣ «ቶሎ ይገድለዋል» ብለው ብልቃጡን የሚደብቁ ቤተሰቦች አሉ። ለሥቃይ ተለክቶ የተሰጠ ሞርፊን ሞትን አያፋጥንም። በፍርሃት ምክንያት ሰው ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ እንዲያድር መተው ግን እኔ ይቅር የማልለው ነገር ነው። ሕመሙን በቁጥር ወይም በፊት ገጽታ ለክቶ መጠኑን የሚያስተካክል ባለሙያ ካገኛችሁ እሱን አትልቀቁ።

ጠበል የጀመረ ሕመምተኛም መድኃኒቱን ማቆም የለበትም። በኤችአይቪ ዘመን ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒትና ጠበል አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ሙስሊሙ ሕመምተኛም ከጾም ነጻ መሆኑን ኢማሙ ቢነግሩት ልቡ ያርፋል። ጥሩ የማስታገሻ ባለሙያ የሃይማኖት አባትን እንደ ተቀናቃኝ አያይም።

ቀጥሎ አስታማሚውን አስቡ። በየ4 ሰዓቱ መድኃኒት ማን ይሰጣል? ቡና በሚለቀምበት ወቅት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ቤቱ ባዶ ይሆናል። ለለቀማ የማይወጣ አንድ ሰው አስቀድሞ ካልተመደበ የመድኃኒቱ ሰዓት ያልፋል፤ ብዙ ጊዜ ይህ ሰው ትምህርት የምታቋርጥ ሴት ልጅ ትሆናለች። ይህን ሸክም መከፋፈል ያለበት ዘመድ ብቻ አይደለም። እድር ለቀብር ድንኳንና ገንዘብ ይዞ ይደርሳል፤ በኤችአይቪ ዘመን ግን ብዙ እድሮች የታመመውን በሕይወቱ ሳለ ቤቱ ሄደው አስታመዋል። ዛሬም አባላቱ ተራ ገብተው አንድ ከሰዓት አልጋው አጠገብ ቢቀመጡ፣ ያቺ ልጅ ትተኛለች ወይም ትምህርት ቤቷ ትሄዳለች። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም ሕመምተኛው ቤት መግባቱን ትወቅ።

የሚከብደው ለሕመምተኛው መናገሩ ነው። «እንዳይደነግጥ» ብለን በሽታውን እንደብቀዋለን፤ እሱም ያወቀውን ከእኛ ይደብቃል፤ ሁለታችንም ብቻችንን እንቀራለን። የምትመርጡት ባለሙያ «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጋለህ?» ብሎ ራሱን ሕመምተኛውን የሚጠይቅ ይሁን። አንዳንዱ ሁሉንም መስማት ይፈልጋል፤ አንዳንዱ «ለታላቅ ልጄ ንገሩት» ይላል። የቡና መሬቱን ለማን እንደሚያወርስ፣ ብድር ለማን እንዳለበት፣ ከማን ጋር መታረቅ እንደሚፈልግ የሚነግረን ምን ያህል ጊዜ እንደቀረው ካወቀ ብቻ ነው። የመጨረሻዎቹን ቀናት ጅማ ሆስፒታል ወይስ አጋሮ ቤቱ ማሳለፍ እንደሚፈልግም እሱ ይናገር፤ ክረምት ላይ መንገዱ ሳይበላሽ፣ የመኪናው ነገር ሳይቸግር።